ጋቢና የተቀመጠችው ሙቀት መለኪያ

በመናኸሪያው የሚያውቃት ሁሉ «እትዬ ጋቢና» ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟ የሚጠራው የሆነ ቦታ ወረፋ ስትይዝ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን «እኔን ነው እንዴ?» ብላ ዙሪያዋን ቃኘት ታደርጋለች።

ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ባሏ ከታችኛው ከተማ ወደ ላይኛው ከተማ ዕቃና ሰው የሚያመላልስበት አሮጌ የናፍጣ መኪና አለው። ፀሐይ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ በዚያ መኪና ጋቢና ከባሏ ጎን ተቀምጣ ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ነው ዕድሜዋ የሄደው። ወሬኛ መቼም የትም አይጠፋም፤ «ባሏን ስለማታምነው ነው፤ ሌላ ሴት አጠገቡ እንዳትቀመጥ ስትጠብቀው ነው» ይባልላት ነበር። ወሬው ጆሮዋ ሲደርስ አትቆጣም። «እሱን ደግሞ ማን ይወስድብኛል? የወሰደችው እንደሆነ በማግስቱ አምጥታ በር ላይ ጥላው ነው የምትሄደው!» ትላለች። «እኔ የምጠብቀው ሞተሩን ነው።»

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት የመኪናው ሙቀት መለኪያ ሞተ። ከመሪው ፊት ለፊት ካሉት ክብ መስታወቶች በአንደኛው ውስጥ፣ የሞተሩን ሙቀት እየተከተለች ከፍ ዝቅ የምትል ቀይ ቀስት ነበረች፤ አንድ ቀን ወደ ታች ተኛችና በዚያው ቀረች። ለሌላ መኪና ይሄ ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ይሄኛው ግን ዕድሜው የገፋ፣ ራዲያተሩ የደካከመ፣ ዳገት ባየ ቁጥር የሚግል መኪና ነው። ባሏ ራሱ በአንቱታ ነው የሚጠራው። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ውሃና ዘይቱን ሲያይ «አዛውንቱ እንዴት አደሩ?» ይለዋል። ሚስቱን «እንዴት አደርሽ?» ካላት ግን ዘመን አልፏል።

ሙቀቱን ሳያዩ እንዲህ ያለ መኪና ዳገት ማስወጣት ዓይንን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው። ውሃው ከፈላ በሞተሩና በክዳኑ መሃል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ እሱ ከተቃጠለ ሞተሩ ይወርዳል፤ ሞተሩ ወረደ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው።

መለኪያው በሞተ ሰሞን እሷ ታናሽ እህቷን ልትጠይቅ ወደ ላይኛው ከተማ አብራው ወጣች። ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ባሏ የእግር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ቀኑ ሐሩር ነበር።

«ምን ነካህ? ልትቀቅለኝ ነው?» አለችው።

«አዛውንቱን ነው የማቀዘቅዘው» አላት። «ማሞቂያው የሚሠራው በሞተሩ ትኩስ ውሃ ነው። እዚህ ትንሽ ሙቀት ካወጣሁላቸው እሳቸው ቀለል ይላቸዋል።» ጥቂት ነዳና ደግሞ «እስቲ እግርሽ ስር ያለው አየር እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት። በእሱ በኩል ያለው የአየር መውጫ ከድሮም የተደፈነ ነው፤ የሚነፍሰው በጋቢናው በኩል ብቻ ነበር።

«ለብ ብሏል።»

«አሁንስ?»

«ሞቅ እያለ ነው።»

«አሁንስ?»

«ኧረ ተቃጠልኩ!»

ወዲያው ዳር ይዞ ቆመና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀስ እያለ አስተነፈሰው። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ተመለሰ። «ልክ ነሽ፤ ሊፈላ ትንሽ ነው የቀረው» አላት። ያን ቀን እህቷ ቤት ደርሰው የሆነውን እየተቀባበሉ ሲያወሩ እህቷ በሳቅ ፈረሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሊወጣ ሲል «ለሙቀቱ ትመጪልኛለሽ?» አላት። ሄደች። ከዚያ በኋላ ጥያቄውም ቀረ፤ እሱ ቁልፉን ሲያነሳ እሷ ቦርሳዋን ታነሳለች።

ያኔ ልብስ ሰፊዎች ጋ ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መዘምዘም ነበር ሥራዋ። ሥራውን ጋቢና ይዛው ገባች። ሜዳው ላይ ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች፤ እጇ ስለለመደ መኪናው ሲንገጫገጭ እንኳ መርፌው አይስትም። ዳገቱ ሲጀምር ግን መርፌዋን ደረቷ ላይ ትሰካለች፣ ሸሚዙን ታጥፋለች፣ እግሯን ቀጥ ታደርጋለች። ሌላው ሥራዋ ጀመረ ማለት ነው። «ለብ» ካለች ንዳ ነው፤ «ሞቅ» ካለች ማርሽ ቀንስ ነው፤ «ኧረ» ካለች ደግሞ ቃሉን ሳትጨርስ ነው የሚቆመው። ለምን፣ እንዴት ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ከኋላ የተጫነ መንገደኛ «ምነው ቆምን?» ሲል «አለቃዬ አዝዛ ነው!» ይላል ወደ እሷ በአገጩ እያመለከተ።

ሁለቱም ቤት ውስጥ ብዙ የሚያወሩ ሰዎች አልነበሩም። እሱ ሬዲዮውን ነው፣ እሷ ጓዳዋን ነው። የሚያወሩት መኪና ውስጥ ነው። ልጅቷን የት እናስተምር የተባባሉት እዚያ ነው፤ እናቱ ሲሞቱ ያለቀሰውም እዚያ ነው፣ መሪውን ሳይለቅ፣ እሷ በመሃረብ ዓይኑን እየጠረገችለት። ተኮራርፈውም ቢሆን ይወጣሉ። «ሙቀቱስ?» ይላል ፊቱን ሳያዞር። «ለብ» ትላለች በመስኮት እያየች። ከጥቂት «ለብ» በኋላ ኩርፊያው ይለቃል። ሞተር እየጠበቁ እንዴት ተኮራርፎ ይዘለቃል!

እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው ያረጁት፤ ችግሩ የመጣው በእግሯ ነው።

አንድ ቀን ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ቀልቶ ውሃ ቋጥሮ አገኘችው። ማሞቂያው ነው ያቃጠላት። ዳገቱን ሙሉ ሲያቃጥላት ግን ምንም አልተሰማትም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ደረቷ ላይ የቀረውን መርፌ ነቅላ አውራ ጣቷን ወጋ አደረገችው። ምንም። ሌላውን ጣት ወጋችው። ምንም። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያስበው በሽታውን ነው። እሷ መጀመሪያ ያሰበችው ወንበሩን ነው። «እግር የሌላት ሙቀት መለኪያ ማን ጋቢና ያስቀምጣታል?» አለች በሆዷ።

ለማንም አልተናገረችም። በማግስቱ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጋ ወጣች። «ሙቀቱስ?» ሲላት ቅልጥሟን ያሳከካት መስላ ጎንበስ ትልና፣ በእጇ ጀርባ አየሩን ነካ አድርጋ «ለብ» ትላለች። ነገሩ ሠራ። ሠራና ብልሃቱ ተለመደ። ግን እጅ እንደ እግር ሁልጊዜ እዚያ አይሆንም። አንድ ጊዜ በወሬ ተይዛ ዘገየች፤ ጎንበስ ስትል አየሩ ፈጃት፤ «ኧረ» ስትል ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጥቷል። ባሏ አልወቀሳትም። «አዛውንቱ ዛሬ ሳያስጠነቅቁ ተቆጡ» ብሎ ብቻ አለፈው። እሷ ግን ራሷን ወቀሰች። ይህን ያህል ዘመን ስትጠብቀው የኖረችውን ሞተር በራሷ ውሸት ልታቃጥለው ነበር።

በዚህ መሃል ነው ልጃቸው የመጣችው። የራሷን ኑሮ ይዛ ሌላ ሰፈር የምትኖር፣ ቁጡ፣ ደግ ልጅ ናት። እናቷ ከመኪናው ስትወርድ በሩን ይዛ ስትንገዳገድ አየቻት።

«አባዬ፣ እስከ መቼ ነው እማዬን እንደ ዕቃ ጭነሃት የምትዞረው?» አለች። «መለኪያ እኮ ይሸጣል! ሰው በዚህ ዘመን ሚስቱን መለኪያ ያደርጋል?»

መልስም አልጠበቀች። መኪናውን ወስዳ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋ አቆመችና አዲስ መለኪያ አስገጥማ መለሰችው። ሦስቱም መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩ ተነሳ። አዲሷ ቀስት ቀስ እያለች ተነሥታ መሃል ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ አጨበጨበች።

«በቃ እማዬ፣ ካሁን በኋላ እቤትሽ አረፍ በይ። ጋቢናውም ለመንገደኛ ይሁን።»

ባሏ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ምን ትበል? «የለም፣ እኔ ከመለኪያው እሻላለሁ» እንዳትል እግሯ ከድቷታል። እውነቱን እንዳትናገር ደግሞ፣ አታለለችን ይሉኛል ብላ ፈራች። እሱ «እሷ የትም አትሄድም» እንዲል ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ መልሷን ይጠብቃል።

«ጥሩ ነው» አለች። «እኔም ደክሞኛል።»

«እንግዲህ ካልሽ» አላት። ወርዶ ክፍት የቆየውን ኮፈን ዘጋው፤ አዘጋጉ ግን ጎረቤት የሚያስወጣ ነበር።

እቤት መዋል ጀመረች። ወንበሯን መስኮቱ ጋ አስጠግታ ቁልፏን ትተክላለች። ቤቱ አይንገጫገጭም፤ መርፌው ይስታት ጀመር! ፀሐይዋ የግድግዳው ጥግ ጋ ስትደርስ «አሁን ድልድዩን አለፉ» ትላለች። ዞር ስትል ደግሞ «አሁን ማርሽ ቀነሰ» ትላለች። የሚሰማት የለም። ማታ ሲመጣ፣ በተራዋ ጠያቂ እሷ ሆነች።

«ሙቀቱስ?»

«መሃል ላይ ነው።»

«ዳገቱም ላይ?»

«ዳገቱም ላይ። ንቅንቅ አይልም።»

ከዚያ ሬዲዮው ይከፈታል። ሆድ ባሳት። ያቺ ቀይ ቀስት ታየቻት፤ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ፣ የማትሳሳት፣ ቀኑን ሙሉ ከባሏ ፊት የማትጠፋ። ወሬኞቹ በስተርጅናዋ ልክ ሆኑ ማለት ነው፤ ይኸው በባሏ ቀናች። የቀናችው ግን ከአውራ ጣት በማትበልጥ ቀስት ነው። እንዲህ ያለውን ጉድ ለማን ይነግሩታል?

ጋቢናውን የያዘው ጨርቅ ነጋዴው ነበር። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ከሁሉም ጋር የሚግባባ ሰው ነው፤ ዘወትር ወደ ላይኛው ከተማ ስለሚመላለስ ቦታው ክፍት መሆኑን እንደሰማ ደንበኛ ሆኖ ቀረ።

አንድ ማለዳ እህቷ ወድቃ ክንዷን ተሰብራ በጀሶ መታሰሯ ተሰማ። «በይ እንሂድ» አላት ባሏ። መናኸሪያው ሲደርሱ ጨርቅ ነጋዴው ጋቢና ተመቻችቶ ተቀምጦ ጥቅሉን ታቅፏል። ሲያያት ሊወርድ ተነሣ።

«እትዬ፣ ይምጡ እንጂ! ቦታዎ አይደል እንዴ!»

«ኧረ ተቀመጥ ወንድሜ፤ እኔ ከኋላ እግሬን ልዘርጋ» አለች ፈገግ ብላ። ያቺን ፈገግታ ያወጣቻት ግን በስንት ትግል ነው! ባሏ አንዴ እሷን፣ አንዴ ነጋዴውን አየና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። እሷም ከሁለት መንገደኞችና ከአንድ የመድኃኒት ካርቶን ጋር ከኋላ ተቀመጠች።

ከኋላ ሆና ባሏን አይታው አታውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን የምታውቀው አንዱን ጎኑን ነው፤ ማጅራቱ እንዲህ መሸበቱን ዛሬ ገና አየችው። «መቼ ነው እንዲህ ያረጀው?» አለች በልቧ፤ አንጀቷን በላት።

ዳገቱ ሲጀምር ባሏ እንደ ልማዱ ማሞቂያውን ከፈተው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ካልተዘጋ እኔ እዚሁ መቅለጤ ነው!» አለ ነጋዴው እግሩን እየሰበሰበ።

«ቻለው። ሚስቴ ስንት ዘመን ችላዋለች።»

ከኋላ ሆና ሰማችው። ትንሽም ቢሆን ደስ አላት።

ድልድዩን አለፉ። ኩርባውን ዞሩና መኪናው የዳገቱን ቀጥ ያለ ቦታ እያጓራ ይወጣው ጀመር። እዚህ ጋ ነው ድሮ «ሞቅ» የምትለው። አፏ ሳታስበው ተከፈተ፤ የማን ሥራ እንደሆነ ትዝ ሲላት ዘጋችው።

ይሄኔ ነጋዴው «እፎይ!» አለ። «ዛሬስ ቀዝቃዛ አየር ለቀቁልን። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ!»

ባሏ መለኪያውን አየት አደረገና ደስ አለው። «አዎ፣ ወርዷል። ከመሃልም በታች ነው። አዛውንቱ ዛሬ ደህና ቀን ነው ያላቸው።»

እሷን ግን ከኋላ አንድ ነገር ቀፈፋት። ቀዝቃዛ አየር? ማሞቂያው ክፍት ሆኖ? እዚህ ዳገት ላይ? በዚህ ቦታ ያ አየር ያላቃጠላት አንድም ቀን አልነበረም፤ እግሯ ከደነዘዘ በኋላ እንኳ እጇን ይፈጃት ነበር። ሞተሩ እንዲህ እያማጠ ቅዝቃዜው ከየት መጣ? አንገቷን አስግጋ አየች። ቀስቷ እውነትም ወደ ታች እየወረደች ነው። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች ለራሷ። «እሱ መለኪያ አለው። አንቺ እግር እንኳ የለሽም። ተሳስተሽ በሰው ፊት ልትዋረጂ ነው።» ከንፈሯን ነከሰች። የባሏ ሽበታም ማጅራት ፊቷ ነው።

«ኧረ!» አለች።

መኪናው ቆመ።

ባሏ አልዞረም፤ ለምን አላለም። ቀስቷ «ደህና ነው» እያለችው፣ ዳር ይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑን የሳበው እሷ አፏን ሳትዘጋ ነው።

«ምን ሆነ? መለኪያው እኮ ጥሩ ነው!» አለ ነጋዴው።

ማንም ሳይመልስለት ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት መውጣት ጀመረ፤ የጋለ ብረት ሽታም መጣ። ሁሉም ወረዱ። ባሏ ጥቂት ቆይቶ በወፍራም ጨርቅ ኮፈኑን ከፈተው። ውሃውን ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው የታችኛው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። ራዲያተሩ ባዶ ነው። ከኋላቸው፣ አስፋልቱ ላይ፣ እስከ ኩርባው ድረስ የውሃ መስመር ተዘርግቷል።

«አየህ» አለ ባሏ ለነጋዴው። «መለኪያው የሚያየው የውሃውን ሙቀት ነው። ውሃው ካለቀ የሚያየው ነገር የለውም፤ ወደ ታች ይተኛል። ማሞቂያውም ትኩስ ውሃ ካልመጣለት ቀዝቃዛውን ነው የሚነፍሰው። እኔ ደንቆሮው ደግሞ ቀዘቀዘ ብዬ ደስ ብሎኝ እነዳለሁ! ጥቂት ሜትር ብጨምር አልቆልኝ ነበር።»

«እኔም እኮ ነኝ ያመሰገንኩዎት!» አለ ነጋዴው፣ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ግን ቁም ነገረኛ ሆነ። አንድ ሚኒባስ አስቆመ፣ መንገደኞቹን አሳፈረ፣ የመድኃኒቱን ካርቶን ራሱ ተሸከመ። «አደርሰዋለሁ፤ ለእህትዎም እመጣለሁ ብለዋል ብዬ እነግርልዎታለሁ» አላትና ሄደ።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። የድሮ መካኒካቸው ተደውሎለታል። ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱ የሞተሩ ክዳን ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መጠበቅ ነው። መንገዱ ዳር ካለው የግንብ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነፋስ ነበር። እሱ ወደ መኪናው፣ እሷ ወደ እሱ ታያለች።

«ይተርፋሉ?» አለችው።

«እንጃ። ሲነሡ ነው የሚታወቀው።»

መካኒኩ በሞተር ሳይክል፣ አዲስ የጎማ ቱቦና ጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። ከጋብቻቸው በፊት ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰው ነው። ብረቱን በእጁ ሞክሮ፣ ቱቦውን ቀይሮ፣ ውሃውን ቀስ እያለ ሞላውና «በል አስነሣ» አለ። አዛውንቱ አንዴ ሳሉ፣ ደገሙ፣ ጥቁር ጭስ ተፉና ተነሡ። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ካዳመጠ በኋላ «ጤነኛ ነው፤ በሰዓቱ ነው ያቆምከው» አለ። ባሏ ትንፋሹን ለቀቀ።

መካኒኩ እጁን እየጠረገ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና ፊቱ በራ።

«ውይ! መለኪያውን አሠራኸው? በመጨረሻ!»

«ልጄ ናት» አለ ባሏ ቶሎ ብሎ። «በል አመሰግናለሁ፣ ሂድ አሁን፣ ሥራ አለህ።»

«እትዬ፣ ይስሙኝማ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ጉደኛ ነው» አለ መካኒኩ፣ ገና መሞቁ ነው። «ያኔ መለኪያው የሞተ ሰሞን አይቼው ነበር። ከኋላው ሽቦው ተነቅሎ ነው፤ ሌላ አንድም ነገር አልሆነ። ‹አሁኑኑ ልሰካልህ› ስለው ‹አትንካው!› አለኝ። በዓመቱ ጠየቅኩት፣ ‹አትንካው!› መኪናውን ባየሁት ቁጥር ‹አትንካው!› እኔማ ጠንቋይ ከልክሎት ነው ብዬ ተውኩት።»

 ባሏ ንጹሕ እጁን በጨርቁ ይፈትጋል።

«እውነቱን ነው?» አለችው።

ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ጀመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ነው ወይ? ሽቦ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን በቁሜ ስትጠብሰኝ የኖርከው በአንዲት ሽቦ ነው?»

መካኒኩ ነገር መፍላቱን አየ። «እኔ እንኳ ልሂድ» ብሎ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ቁልቁል ተፈተለከ።

«ተናገር እንጂ!»

«ታዲያ መለኪያው ከተሠራ» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ፣ «ጠዋት ጠዋት ምን ብዬ ነው ‹ነይ› የምልሽ?»

አፏ ላይ የደረሰው ስድብ ሁሉ የት እንደገባ አላወቀችውም።

«‹ነይ› ነዋ» አለች ቆይታ። «ሌላ ምን ይባላል?»

«ትመጪ ነበር?»

አሰበችው። ያኔ ልጅ ነበራት፣ ሥራ ነበራት፣ የማያልቅ የቤት ጣጣ ነበራት። ዝም ብሎ «ነይ» ቢላት «አብደሃል? ሥራዬን ማን ሊሠራልኝ?» ነበር የምትለው። መዋሸት ሰለቻት።

«አልመጣም ነበር።»

«ይኸው» አላት።

እህቷ ትዝ አለቻት፣ ጀሶው፣ መንገዱ። ግን አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገረውም።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች። «እግሬ ከደነዘዘ ቆይቷል። ሙቀትም አይሰማኝ፣ ቅዝቃዜም አይሰማኝ።»

ዞሮ አያት። «ታዲያ በምን ነበር የምትነግሪኝ?»

«በእጄ። ያሳከከኝ እየመሰልኩ።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። «ያ ሁሉ ማከክ?»

«ያ ሁሉ ማከክ።»

«እኔ እኮ ቁንጫ መስሎኝ ነው! ወንበሩ ቁንጫ አፍርቷል ብዬ፣ አንቺ እንዳታፍሪ ተደብቄ ስንቴ አሳጠብኩት!»

ሳቋ መጣ። እሱም ሳቀ። ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር በሳቅ ሲንፈራፈሩ ያየ የጭነት መኪና ሾፌር ጥሩንባ ነፍቶላቸው አለፈ። ሳቁን መጀመሪያ ያቆመው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ፈታ፣ ካልሲዋን አወለቀ። የድሮውን የቃጠሎ ጠባሳ አየው። በአውራ ጣቱ ተረከዟን ጫን አደረገው።

«ይሄ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

«ይሄስ?»

«እሱ ትንሽ።»

«ሐኪም አይቶታል?»

«ማን ያየዋል? ለሐኪም ከነገርኩ አንተም ትሰማለህ። ከሰማህ ደግሞ…» ወደ ጋቢናው አመለከተች።

ጋቢናውን አየ፣ እግሯን አየ። ከዚያ ካልሲዋን መልሶ አጠለቀላት፣ ጫማዋንም አሰረላት። «ሞተሩ እንዲያ ሲጨስ እንዲህ አልደነገጥኩም» አላት። «አሁን ነው የፈራሁት። ነገ ዳገት የሚባል ነገር የለም። ሆስፒታል ነው የምንሄደው።»

«ዕቃውስ?»

«ይቆያላ።»

ጋቢና ገባች። እህቷ ጋ ለመድረስ የቀረው ዳገት ትንሽ ነበር፤ ማሞቂያውን ከፈተው፤ ቀስቷ ተነሥታ መሃል ላይ ቆመች። እሱም ያያታል፣ እሷም ታያታለች።

«ሙቀቱስ?» አላት።

ጎንበስ አለች። አላከከችም፤ እጇን በግልጽ ዘርግታ አየሩን ነካችው። «ለብ ብሏል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ባሏ መኪናው ጋ ቆሟል። ኮፈኑ አልተከፈተም። ውሃውም፣ ዘይቱም ገና አልታየም። መጣና ፊቷ ቆመ፤ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል።

«እንዴት አደርሽ?» አላት።

«እኔን ነው እንዴ?» አለች፣ ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ።